የሴቶች የአደባባይ በዓል ከአጃቢነት ወደ ባለቤትነት

ባህል ከሕዝብ ኑሮ ተነጥሎ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ጌጥ አይደለም። ሰው እንዴት እንደሚሠራ፣ በላቡ ያፈራው ሀብት በማን እጅ እንደሚገባ፣ በጋራ ጉዳይ ላይ ማን አፉን ሞልቶ እንደሚናገርና ማን ዝም እንዲል እንደተፈረደበት፣ ይህ ሁሉ በበዓል ቀን በአደባባይ ላይ ይነበባል። በመሆኑም ስለ በዓል መጻፍ ከቁም ነገር መሸሽ የሚመስላቸው ወገኖች ነገሩን ከላይ ከላይ ያዩ ናቸው። በዓሉን ማን ያዘጋጃል? ገንዘቡን ማን ይይዛል? ከበሮውን ማን ይመታል? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ፣ አያሌ ወፍራም ሪፖርቶች የማይናገሩትን ይናገራል።

ጥያቄውን በያዝነው አካባቢ ላይ እናሳርፈው። ከቦሌ መድኃኔ ዓለም ተነሥቶ በገርጂ፣ በጃክሮስ፣ በጎሮና በሰሚት አልፎ እስከ አያትና ቦሌ አራብሳ በሚዘልቀው የከተማችን ምሥራቃዊ ክፍል ቁጥራቸው እጅግ የበዛ ወጣት ሴቶች ሠርተው ያድራሉ። በስፌት መኪና ላይ ተጎንብሰው ልብስ የሚሰፉ፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ፣ በሆቴልና በካፌ የሚያስተናግዱ፣ በግንባታ ቦታ አሸዋና ሲሚንቶ የሚሸከሙ፣ በመንገድ ዳር ጀበና ጥደው ቡና የሚሸጡ ናቸው። ብዙዎቹ ከገጠርና ከአነስተኛ ከተሞች የመጡ ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው የዋግ፣ የላስታና የራያ ልጆች ነሐሴ 16 ቀን በደረሰ ቁጥር ልባቸው ወደ ትውልድ ቀያቸው ይሸፍታል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው። እነዚህ ሴቶች የራሳቸው የሆነ፣ በሴቶች ብቻ የሚመራ የአደባባይ በዓል ሰልፍ ማኅበር ሊያቋቁሙ ይገባል። የነዋሪዎች ማኅበራትና የሠራተኛ ማኅበራትም መንገዱን ይክፈቱላቸው እንጂ አይምሩላቸው።

ነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም የሚፈታበት ዕለት ነው። በዚያን ቀን የሚጀመረው የልጃገረዶች በዓል በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ ደግሞ አሸንዳ ይባላል። ሻደይና አሸንድዬ ልጃገረዶቹ በወገባቸው ዙሪያ የሚያስሩት ረጅም ለምለም ሣር ስም ነው። ፀጉር በሹሩባ ይሠራል፤ ዓይን በኩል ይደምቃል፤ ጥልፍ ቀሚስ፣ ድሪና አልቦ ከየሣጥኑ ይወጣል፤ የሌላትም ካላት ትዋሳለች። ከዚያም ጓደኛሞች በቡድን ሆነው በቅድሚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ቀጥሎም ወደ ሽማግሌዎችና ወደ ጎረቤት ደጆች እየዞሩ ይዘፍናሉ፤ ይጨፍራሉ፤ ይሸለማሉ። በዓሉ እንደየአካባቢው ለቀናት ይዘልቃል።

ይህን ሥርዓት እንደ ጭፈራ ብቻ የሚያዩ ሰዎች ዋናውን ነገር ያልፉታል። ዋናው ነገር ድርጅቱ ነው። የልጃገረዶቹ ቡድን አባላቱን ራሱ ይመርጣል። የምታወርድና የሚቀበሉ አሉት፤ ከበሮውን የምትመታው ሴት ናት፤ ሽልማቱን ከመካከላቸው የታመነች ትይዘዋለች፤ በመጨረሻም የተገኘው ገንዘብ እንደየአካባቢው ልማድ ወይ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል፣ ወይ በእኩል ይከፋፈላል። ወንዶች ወንድሞችና ጎረቤቶች አጠገባቸው ቢገኙ እንኳ ለጥበቃ እንጂ ለአመራር አይደለም። እንግዲህ መሬት በአባት፣ ከብት በባል ስም በሚጠራበት፣ የሸንጎ ወንበር የወንድ በነበረበት አገር፣ ሴት ልጅ በዓመት ውስጥ ለጥቂት ቀናት መሪ፣ ገንዘብ ያዥና አፈ ጉባኤ የምትሆንበት ተቋም ነበራት ማለት ነው። በዓመት ጥቂት ቀን መሆኑ ያሳዝናል። መኖሩ ግን ትልቅ ቅርስ ነው።

በዓሉ ወደ ከተማ ሲገባ ምን ሆነ? ከሁሉ አስቀድሞ ቦታውን ለቀቀ። ከደጃፍ ወደ አዳራሽ፣ ከጎዳና ወደ መድረክ ወጣ። መርሐ ግብሩን አንድ መሥሪያ ቤት ያወጣዋል፤ ወጪውን አንድ ድርጅት ይሸፍናል፤ ልጃገረዶቹም የድርጅቱ ዓርማ የታተመበት ሸራ ከኋላቸው ተሰቅሎ፣ በተሰጣቸው ደቂቃ ገብተው በተሰጣቸው ደቂቃ ይወጣሉ። ንግግሩን የሚያደርጉት ሌሎች ናቸው። ከፊት ረድፍ ያሉት ወንበሮች የእንግዶች ናቸው። በአንድ ቃል፣ የበዓሉ ባለቤት የነበረችው ሴት የበዓሉ አጃቢ ሆነች። እርግጥ ነው፣ መድረኩ ለበዓሉ ዝና ሰጥቶታል፤ በቴሌቪዥን እንዲታይም አድርጓል። ሆኖም የታየው ልብሷና ጭፈራዋ እንጂ ውሳኔዋ አይደለም።

በዓሉ ከጎዳናም ቢሆን የቀረው ያለ ምክንያት አይደለም። በእንቁጣጣሽ ዋዜማና በዕለቱ አደይ አበባ ይዘው አበባየሆሽ እያሉ የሚዞሩትን የሰፈር ሕፃናት ልብ ብሎ የተከታተለ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። በቀድሞው ሰፈር ከደጅ ወደ ደጅ መዝለቅ ቀላል ነበር። ዛሬ በቦሌ ቪላዎችና በምሥራቁ የሪል እስቴት ግቢዎች በር ላይ ጥበቃ አለ፤ ጥበቃው ደግሞ ትእዛዝ አለበት። በጋራ መኖሪያ ቤቶች ሕንፃዎች መካከል ግቢው ሰፊ ቢሆንም የማን እንግዳ እንደሆኑ የሚጠይቃቸው አይጠፋም። ሕፃናቱ ከተመለሱ፣ የፋብሪካ ሠራተኛዋ ወጣት ማን ብላ ትገባለች?

ሴቶች በብዛት ጎዳና ሊይዙ እንደሚችሉማ ታይቷል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በአዲስ አበባ የሚካሄደው «ቅድሚያ ለሴቶች» የተሰኘው የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶችን በአንድ ማለዳ ያሰልፋል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ሩጫው ሲያበቃ እያንዳንዷ ወደየቤቷ ትበተናለች። ተሳታፊ ነበረች፤ አባል አልነበረችም። በተሳታፊነትና በአባልነት መካከል ያለው ልዩነት ነው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ።

አሁን ወደ ቦሌ ለሚ እንለፍ። በ2006 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ሆኖ ሥራ የጀመረው ይህ ቦታ በመጀመሪያው ምዕራፍ በ156 ሄክታር ላይ 20 የማምረቻ ሼዶችን ይዞ የተነሣ ሲሆን፣ በልብስ ስፌትና በቆዳ ሥራ ያሰለፋቸው ሠራተኞች በብዛት ወጣት ሴቶች ናቸው። ኑሯቸው በቁጥር ሲገለጽ ምን እንደሚመስል ለመገመት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ2011 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ የአንዲት ጀማሪ ልብስ ሰፊ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ገልጾ፣ ይህም ከዓለም ልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው እንደሆነ አመልክቶ ነበር። በዚህ ዓይነት ገቢ የምትኖር ሴት ለሦስትና ለአራት ሆና አንድ ክፍል ትከራያለች፤ ከተማውን የምታውቀው በሰርቪስ አውቶቡስ መስኮት ነው። በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአጎአ የንግድ ዕድል ስትሰረዝ፣ የአሜሪካ ገበያ ትእዛዝ የቀነሰባቸው ፋብሪካዎች ሠራተኛ ሲቀንሱ፣ የተሰናበተችው ወጣት ምን ነበራት? ወደ አገሯ የምትሳፈርበትን ዋጋ የሚሸፍንላት ዕድር አልነበራትም፤ ዕድር የባለ ቤትና የባለ ትዳር ነውና። ዕቁብም ቢሆን ደመወዝ ሲቆም ይቆማል።

የበዓል ሰልፍ ማኅበር ለዚህ መልስ ይሆናል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ከአገር ወጣ ብለን ልብስ ከሚሰፉት ወደ ልብስ አጣቢዎች እንሂድ።

በጀርመን አገር፣ ከቦን ከተማ ማዶ በራይን ወንዝ ቀኝ ዳርቻ ቦየል የተባለች መንደር ነበረች። የመንደሯ ሴቶች የኮሎኝ ባለጸጎችን ልብስ እያጠቡ የሚተዳደሩ ነበሩ። ሥራው ከንጋት እስከ ሌሊት ውኃ ማሞቅ፣ መቀቀል፣ መውቀጥ፣ ማስጣትና መተኮስ ነው። ባሎቻቸው ንጹሑን ልብስ ወደ ኮሎኝ ያደርሱ ነበር፤ በካርኒቫል ሰሞን ግን እዚያው ከተማ ቀርተው ሲጠጡና ሲጨፍሩ ይሰነብታሉ። ልብሱን ያጠበችው ቤት ቀረች፤ ያደረሰው ጨፈረ። በ1824 እ.ኤ.አ. አጣቢዎቹ በቃን አሉ። ከካርኒቫል በፊት ባለው ሐሙስ ሥራቸውን አቁመው ተሰበሰቡና የራሳቸውን የሴቶች ኮሚቴ አቋቋሙ። በስብሰባቸው ላይ የባሎቻቸው ገመና እየተነሣ ይዘረዘር ነበር ይባላል፤ እውነትም የወንዶቹን ሆድ ሳያባባ አልቀረም። ኮሚቴው አልፈረሰም። ያ ሐሙስ በራይን ምድር እስከ ዛሬ የሴቶች ቀን ሆኖ ይከበራል፤ ሴቶች ያገኙትን ወንድ ክራቫት በመቀስ ይቆርጣሉ፤ ከ1957 እ.ኤ.አ. ወዲህም የቦየልን ማዘጋጃ ቤት በጨዋታ መልክ ወርረው ሥልጣን ይረከባሉ። የልብስ አጣቢዎች ልዕልትም በየዓመቱ ትመረጣለች።

ከዚህ አጠገብ ሌላውን ተቋም ብናስቀምጥ ነገሩ ይበልጥ ይጎላል። በኮሎኝ በ1823 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የካርኒቫል አዘጋጅ ኮሚቴ የወንዶች ነበር። የኮሎኝ ካርኒቫል በሦስት ገጸ ባሕርያት ይመራል፤ እነሱም ልዑል፣ ገበሬና ድንግል ናቸው። ድንግሊቱን ሳይቀር ፂሙን የተላጨ ወንድ ነው የሚጫወታት። ሴት እንድትጫወታት የተደረገው በናዚዎች ዘመን በ1938 እና በ1939 እ.ኤ.አ. ብቻ ሲሆን፣ እሱም ለሴት ክብር ታስቦ ሳይሆን ወንድ የሴት ልብስ መልበሱ ለአገዛዙ ስላልተዋጠለት ነው። እንግዲህ ልብ በሉ። ኮሚቴው የወንድ ከሆነ የሴቷ ቦታ በወንድ ይያዛል፤ ከላይ በትእዛዝ የተሰጠ ቦታም ትእዛዙ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። የአጣቢዎቹ ኮሚቴ ግን የራሳቸው ስለነበረ ሁለት መቶ ዓመት ተሻገረ።

በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ ከተማም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። አይሪስ የተባለው የሴቶች የካርኒቫል ማኅበር በ1917 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፤ ቪነስ የተባለው ሌላው የሴቶች ማኅበር በ1941 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በጎዳና ሲሰለፍ ከመንገድ ዳር የቆሙ ወንዶች የበሰበሰ አትክልት እንደወረወሩባቸው ይነገራል። እነዚህ በአብዛኛው የባለጸጋ ቤት ሴቶች ክበቦች ነበሩ፤ በዚህ ረገድ ለሠርቶ አደሯ አርአያ አይሆኑም። ከነሱ የምንወስደው አንድ ደንብ ነው። በዚያ ከተማ የሰልፉ ወጪ ከማኅበራቱ አባላት መዋጮ ይሸፈናል፤ የከተማው ሕግም በሰልፉ ላይ የንግድ ማስታወቂያ እንዳይታይ ይከለክላል። በካፒታል አገር መካከል ለካፒታል የተዘጋ ጎዳና መሆኑ ነው! የእኛ በዓላት የቢራና የባንክ ዓርማ መስቀያ በሆኑበት ጊዜ ይህ ሊታሰብበት ይገባል።

ከራሳችን ታሪክም መማር አለብን። በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ሲቋቋም ሴቶች ከቀበሌ እስከ አገር አቀፍ ደረጃ ተደራጁ ተባለ። በ1977 ዓ.ም. መስከረም 2 በተከበረው የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል በአብዮት አደባባይ እጅግ ብዙ ሕዝብ በሥርዓት ተሰለፈ፤ ለበዓሉ ዝግጅት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ነበረበት። ሰልፉ ያማረ እንደነበር ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ይሁን እንጂ የተጠራ ሰልፍ ነበር፤ የወጣ ሰልፍ አልነበረም። ያልወጣች ሴት በቀበሌ ትጠየቅ ነበር። መፈክሩ ከላይ ተጽፎ ይመጣል፤ መዋጮው ወደ ላይ ይሄዳል። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ማኅበሩም አብሮ ወደቀ፤ በየቀበሌው ያሉ ሴቶች ከበሮውን እንኳ የእኛ ነው ብለው ወደ ቤታቸው አልወሰዱም። በአንጻሩ፣ ማንም ያልመሠረተውና ማንም ያላፈረሰው የሻደይ ቡድን ንጉሠ ነገሥቱንም፣ ደርጉንም፣ ኢሕአዴግንም አሳለፈ። ምክንያቱ ከባድ ፍልስፍና አይጠይቅም። የልጃገረዶቹ ሙዳይ በልጃገረዶቹ እጅ ነበር።

በተግባር ረገድ እንግዲህ ምን ይደረግ? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ዕድርን፣ ዕቁብንና መሰል ባህላዊ ማኅበራትን አይመለከትም። ስለዚህ ሴቶቹ በትልቅ ጽሕፈት ቤትና በማኅተም መጀመር የለባቸውም፤ በሚያውቁት የዕቁብ መንገድ መጀመር ይችላሉ። 60 ሴቶች በወር 20 ብር ቢያዋጡ በወር 1,200፣ በዓመት 14,400 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ ከበሮ ይገዛል፤ ሣሩ ከአገር ይመጣል፤ በበዓሉ ዕለት ለውኃና ለዳቦ ይወጣል። የተረፈው በእንኳን አደረሳችሁ ሽልማት ከሚገኘው ጋር ተደምሮ ለታመመች፣ ከሥራ ለተሰናበተች፣ ወላጅ ለሞተባትና ለመሳፈሪያ ላጣች አባል ይውላል። ገንዘቡ በሦስት ሴቶች ፊርማ ብቻ ይንቀሳቀስ፤ ሂሳቡም በአደባባይ ይነበብ። ባለሥልጣን የክብር ሊቀ መንበር፣ ነጋዴ የበላይ ጠባቂ አይሁን። አንድ ድርጅት ገንዘብ ልስጥ ካለ እንደማንኛውም ደጅ ሽልማቱን በሙዳይ ውስጥ ይጣል፤ ዓርማውን ግን ቤቱ ይተው።

ሦስት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ እንገምታለን። አንደኛው፣ በዓሉ የአንድ አካባቢ ነው፣ በከተማ መካከል መለያየትን ያመጣል የሚል ነው። ነገሩ በተቃራኒው ነው። ሻደይ የምትለዋ፣ አሸንድዬ የምትለዋ፣ ሶለል የምትለዋና አሸንዳ የምትለዋ በአንድ የስፌት መስመር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ሸሚዝ ይሰፋሉ፤ አንዷ ኮሌታውን፣ ሌላዋ እጅጌውን። ከጦርነቱ ዓመታት ወዲህ ስለ እነዚህ ልጆች ወንድማማችነት በየመድረኩ ብዙ ተነግሯል። እስቲ አንድ ከበሮ ይኑራቸው። የሲዳማዋ፣ የወላይታዋ፣ የአርሲዋ፣ የጉራጌዋ ልጅም የስፌት መስመሩ አባል ናት፤ ዜማዋን ይዛ ትግባ። የሃይማኖቱ ጉዳይ ለተቃዋሚዎች ሁለተኛው ነጥብ ነው፤ ነሐሴ 16 ለኦርቶዶክሳውያን የከበረ ቀን ስለሆነ የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ለምእመናኑ እንደተጠበቀ ይቆይ፣ ማኅበሩ ግን ሙስሊሟንና ጴንጤዋን አባል ሊያቅፍ የሚችል የጋራ ሰልፍ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ሊጨምር ይችላል። ይህን የሚወስኑት አባላቱ እንጂ ጋዜጣ አይደለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው። ይኸውም በዓሉ በልማድ ወንዶች ሚስት የሚመርጡበት፣ ቤተሰብም ልጃገረድ የሚያይበት ገበያ ሆኖ ቆይቷል የሚለው ነው። እውነት ነው፤ መካድ አያስፈልግም። ለአቅመ ሔዋን ሳትደርስ የታየች ልጅ በማግሥቱ ሽማግሌ የተላከባት ጊዜ ብዙ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ያደረገው ያለ ምክንያት አልነበረም። ይህ የልማዱ ጎን ቢሞት አናዝንም። የሚገድለው ደግሞ በዓሉን ማገድ አይደለም፤ ሰልፉ የልጃገረዶች ብቻ መሆኑ ቀርቶ ያገባችም፣ የፈታችም፣ እናትም፣ አያትም የምትገባበት ሲሆን የገበያው መልክ በራሱ ይጠፋል። ቦየልም ያቺን ኮሚቴ የመሠረቱት ልጃገረዶች ሳይሆኑ ባለ ትዳር አጣቢዎች ነበሩ።

አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። የበዓል ማኅበር የሠራተኛ ማኅበርን ቦታ አይተካም፤ ተካ ከተባለም ተንኮል አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሥር ሠራተኞች የሠራተኛ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያና የወሊድ ፈቃድ የሚጠየቀው በዚያ ነው። ነገር ግን በስብሰባ ላይ እጇን አንሥታ የማታውቅ፣ ከክፍሏና ከስፌት መኪናዋ ውጭ ማንንም የማታውቅ የ19 ዓመት ወጣት በአንድ ጀምበር የማኅበር አባል አትሆንም። በከበሮ መካከል ሊቀ መንበር መርጣ፣ ሂሳብ ጠይቃ፣ ገንዘብ ያዥን በሰው ፊት አስቁማ «ይህ ብር የት ገባ?» ያለች ሴት ግን ያንን ጥያቄ ለሌላ ሰው ለመጠየቅም አትቸገርም። አንዳንድ አሠሪዎች ይህን ከሠራተኞቹ ቀድመው እንደሚረዱት አንጠራጠርም።

አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ከእነዚህ አንዱን ለነሐሴ 16 እንዲውል የስፌት መስመር ሠራተኞች በቡድን ከወዲሁ ለክፍል ኃላፊዎቻቸው በጽሑፍ ያመልክቱ። በጎሮ፣ በሰሚት፣ በአያትና በቦሌ አራብሳ ያሉ የነዋሪዎች ማኅበራት በበኩላቸው ከሐምሌ መጨረሻ በፊት በጠቅላላ ስብሰባቸው ሁለት ነገር ይወስኑ። አንደኛ፣ የጋራ አዳራሻቸውን ለሴቶቹ ልምምድ በሳምንት አንድ ማታ ያለ ኪራይ ይልቀቁ። ሁለተኛ፣ ለግቢ ጥበቃዎች በጽሑፍ ትእዛዝ ይስጡ፤ በበዓሉ ዕለት ከበሮ ይዘው የሚመጡ ሴቶችን ማን ጋ እንደሚሄዱ አይጠይቁ፤ በሩም እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ክፍት ይሁን። ወንዶች ምን እናድርግ ለሚሉ፣ ጎሮ አደባባይ ላይ መኪና የሚያስቆሙ፣ ውኃ የሚያቀርቡና ሲመሽ ልጆቹን እስከ ማደሪያቸው የሚሸኙ ሰዎች ያስፈልጋሉ። መዝገቡን የምትይዘዋ ሴት ስማቸውን ከአሁኑ ብትጽፍ ጥሩ ነው።